ማብሪያውን መልስለት

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ እዚያው ተቀምጬ በገዛ ዐይኔ አይቼዋለሁ።

በዕድሜዬ ብዙ አገር ዞሬ፣ በብዙ አሮጌ ሆቴል አድሬአለሁ። "ይህ ክፍል መንፈስ አለበት" የሚል አስጎብኚ ሁሉ ሲያስቀኝ ኖሯል።

አሁን አያስቀኝም...

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር፤ ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ጁባ፣ ከናይል ድልድይ ማዶ ጉምቦ የሚባለው ሰፈር፣ የታናሽ ወንድሜ የወርቁ ቤት።

ወርቁና ኣይዛክ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኛሉ ብሎ የሚያስብ ሰው አይኖርም። ወርቁ ብሎን ከመፍታቱ በፊት የሚጸልይ፣ የሸሚዙን ቁልፍ በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ማላኪያ ገበያ ባለችው ሱቁ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው የለም። ኣይዛክ ግን ገና የግቢው በር ላይ እያለ ይሰማል። ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ አድጎ ወደ አገሩ የተመለሰ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፤ በአማርኛ ይቀልዳል፣ በኑዌርኛ ይቆጣል፣ በጁባ ዓረብኛ ይከራከራል። ኮምፒውተር መጠገን እንጀራው ነው።

ያን ቀን ሁለቱን ያገናኘቻቸው የወርቁ ልጅ ሔርሜላ ነበረች። በማግሥቱ ለነጻ የትምህርት ዕድል በኢንተርኔት ትፈተናለች። በስልክ መፈተን አይፈቀድም። አባቷ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶላታል።

ኮምፒውተሩ ግን ይበራና... ይጠፋል።

ማራገቢያው ይዞራል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ... ድርግም።

"ማላሽ፣ ግድ የለም!" አለ ኣይዛክ የማሽኑን ጎን እየከፈተ። "ሙቀት ነው። በዚህ ሰዓት እኔም ራሴ እጠፋለሁ።"

ሳቅን።

አቧራውን ጠረገ። ፕሮሰሰሩን አዲስ ቅባት ቀባው። አበራው... ጠፋ።

ሚሞሪውን ነቅሎ መለሰ... ጠፋ።

ፓወር ሰፕላዩን ይዞት በመጣው ለወጠ... ጠፋ።

"የሶላሩ ባትሪ ደክሞ ይሆን?" አለች የወርቁ ሚስት ኤልሳቤጥ።

"እሱ ቢሆን ፍሪጁም አብሮ ይጠፋ ነበር" አለ ኣይዛክ።

"እንጸልይበት" አለ ወርቁ።

"ጸልይበት ጋሼ፣ ብቻ ብሎኖቼን እንዳትነካብኝ።"

ኣይዛክ የማሽኑን ሆድ ያያል። ወርቁ ስክሪኑን ያያል። ከፊት ለፊት ተቀምጬ ማብሪያውን የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማሽኑ እንደ ተነሣ... ማብሪያው ወደ ውስጥ ገባ።

ቆየ።

ማሽኑ ጠፋ። ማብሪያው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማንም አልነካውም።

"ኣይዛክ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ና ይህን እይ።"

አበራው። ማብሪያው ገባ። አየው... ፊቱም በደስታ በራ።

"ሀቦባ፣ አንቺ ኢንጂነር ነሽ!" አለኝ፤ በጁባ አጠራር አያቴ ማለቱ ነው። "ማብሪያው ተጣብቋል! ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ከያዝሽው ማንኛውም ኮምፒውተር ይጠፋል።"

ፈትቶ አየው። ንጹሕ ነው። ስፕሪንጉም ደኅና ነው።

"የተጣበቀ ነገር የለም እኮ" አልኩ።

"ምን ቸገረን? ከነአካቴው እንነቅለዋለን።"

ከማብሪያው የሚመጡትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከቦርዱ ላይ ነቀለ። የነበሩበትን ቦታ በብሎን መፍቻው ጫፍ ነካ አደረገው።

ማሽኑ ያለ ማብሪያው ተነሣ።

ጠበቅን...

አልጠፋም።

"ታማም! ተሳካ!" ኣይዛክ ወገቡን ይዞ ጨፈረ። ወርቁ እንኳ ሳቀ። ሔርሜላ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

እኔ ግን ዐይኔን ከማብሪያው ላይ አላነሣሁም።

ገባ። ወጣ። ገባ። ወጣ። ከምንም ጋር ያልተያያዘ ማብሪያ... እየፈጠነ ሄደ።

ከዚያ ቆመ።

ግድግዳው ላይ "ቀጭ" አለ። የጣሪያው ማራገቢያ እየዘገየ... እየዘገየ... ቆመ።

"ማነው ያጠፋው?" አለች ኤልሳቤጥ።

ከመካከላችን የተነሣ ሰው አልነበረም።

የወርቁ ስልክ ኪሱ ውስጥ እንዳለ የመዝጊያ ዜማውን አሰማ። ቀጥሎ የኣይዛክ። ቀጥሎ የእኔ። ጓዳ ያለው ፍሪጅ ዝም አለ።

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የኮምፒውተሩ ድምፅ ብቻ ሆነ... እና የእኛ ትንፋሽ።

"አባዬ፣ የፈተናው ገጽ ተከፈ..."

ሔርሜላ ቃሉን አልጨረሰችውም።

ዞርኩ። ዐይኗ ክፍት ነው። አፏም ክፍት ነው። ደረቷ መካከል ላይ ቢጫ ቀሚሷ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ልክ... ጣት ተጭኖ እንደ ያዘው።

"ልጄ!" ኤልሳቤጥ ጮኸች።

"በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!" ወርቁ እጁን ደረቷ ላይ አሳረፈ። ከእጁ ሥር ጉድጓዱ ይበልጥ ጠለቀ። ከንፈሯ እየጠቆረ መጣ።

ያን ጊዜ ገባኝ።

"ኣይዛክ! መልስለት!"

"ምኑን?"

"ማብሪያውን! ማብሪያውን መልስለት!"

ማሽኑ ላይ ተደፋ። አንዱ ሽቦ ገባ። ሁለተኛው ወደቀ... ፈለገው... አገኘው... ገባ።

ቀሚሷ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማብሪያው ወደ ውስጥ ገባ። ቆየ።

ኮምፒውተሩ ጠፋ።

ሔርሜላ ከወንዝ እንደ ወጣ ሰው ትንፋሿን ሳበች።

ኣይዛክ መሣሪያዎቹን አልሰበሰበም። በሩ ላይ ቆሞ "እኔ የነቀልኩት እኮ ሽቦ ብቻ ነው..." አለ፤ እንዲህ ዝግ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወጣ። አልተመለሰም።

የልጅቷ ደረት ላይ ክብ ምልክት ቀርቷል። የአውራ ጣት ያህል፣ ነጭ፣ ሲነኩት ቀዝቃዛ።

ወርቁ የማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቅሎ ማሽኑን ተሸከመ። "አሁኑኑ ናይል ውስጥ እጥለዋለሁ!"

"ጥለኸው ስትመለስስ?" አልኩት። "እዚህ ቤት ውስጥ የሚያጠፋው ምን ይቀርለታል?"

ሔርሜላን ማየት አልፈለግንም... ሁላችንም አየናት።

ወርቁ ማሽኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

"ፈተናዬስ?" አለች ሔርሜላ በቀጭን ድምፅ።

ማብሪያው እንደገና ጀምሮ ነበር። ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል... ማብሪያው ግን ገባ... ወጣ... ገባ።

ቸኩሏል።

የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። ተነሥቼ ቆምኩ።

"ስሙኝ" አልኩ። "አሁኑኑ ሔርሜላን ይዛችሁ ከዚህ ቤት ትወጣላችሁ። ነገ በመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ትገባላችሁ። እኔ አልሄድም።"

"እታለም፣ ምን ማለትሽ ነው?" አለ ወርቁ።

"አንድ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ሊያበራለት ይገባል። እኔ አበራለታለሁ፤ እሱ ያጥፋ። ይህን ሲያጠፋ እሷን አይፈልግም።"

"እስከ መቼ?" አለች ኤልሳቤጥ እያለቀሰች።

"ልጅሽን አንሺ" አልኳት።

ገመዱን ሰካሁ። ጣቴን ማብሪያው ላይ አሳረፍኩ።

ሞቅ ያለ ነበር... ለስላሳም ነበር።

ከውስጥ በኩል መልሶ ጣቴን ተጫነው።