ከብረቱ ሥር የተኛው ቦክሰኛ

ሮብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውዴ የወንድሟን የይሻውን የታጠበ ቱታ ይዛ ወደ ቦክስ ቤቱ ስትገባ፣ እሱን ዝቅ ያለው አግዳሚ ላይ በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። አንገቱ ላይ ብረት ተጋድሟል። ብረቱ ከአሮጌ የጭነት መኪና አክስል የተቆረጠ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሲሚንቶ የተሞሉ የዘይት ቆርቆሮዎች አሉበት። ጩኸቷ እስከ ገበያው ተሰማ።

ኢንስፔክተር እቴነሽ ስትደርስ፣ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ማሩ ነው የገደለው!» ይላል አንዱ። «ቦክሰኛውን ብረት ተሸካሚ አድርጎት!»

ማሩ ወጣቱ ረዳት አሰልጣኝ ነው። ግንባሩን አንድ ሰው በድንጋይ ፈንክቶታል። በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሞ ደሙን እንኳ አይጠርግም።

እቴነሽ ነጠላዋን አጣፍታ አማተበችና ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ፖሊስ ጣቢያ የገባችው መዝገብ ጸሐፊ ሆና ነበር፤ ምርመራን የተማረችው ሌላው ሰው ሲናገር ሳታቋርጥ በማዳመጥ ነው። ሬሳም ቢሆን ካልቸኮሉበት ይናገራል ትላለች። ብረቱን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ በዝገት ቀላ። የይሻውን መዳፍ ገለበጠች፤ ንጹሕ ነው። አንጓውና የእጁ ጀርባ ላይ ግን ጨርቅ ተጠምጥሞ የተፈታበት ሰንበር አለ። ከጆሮው ኋላ አብጧል።

ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ፣ ቦክሰኞች እጃቸው ላይ የሚጠመጥሙት ፋሻ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው። ከሁሉም አንዱ ጥንድ እርጥብ ነው።

መጀመሪያ ማሩን ጠየቀችው።

«እብናት እናቴ ጋ አድሬ ነው የመጣሁት፤ ቁልፉን ግን ለይሻው የሰጠሁት እኔ ነኝ» አላት። «ብቻህን ብረት እንዳትነካ ብዬው ነበር። ብዬው ነበር ኢንስፔክተር።»

«ብረቱ ለምን አስፈለገው?»

«ከስልሳ ኪሎ ወደ ስልሳ ሰባት ሊወጣ ነበራ። ሰባት ኪሎ ሽሮ በመብላት ብቻ ይመጣል? ቢመጣም ቦርጭ ነው የሚሆነው። እግርና ወገቡ ካልጠነከረ ስልሳ ሰባቶቹ እንደ በር ይገፉታል።»

«ጋሽ ይርጋስ ምን ይላሉ?»

ማሩ በምሬት ፈገግ አለ። «ብረት ቦክሰኛን ያደነዝዛል፤ እንጨት ፈልጦ፣ ዳገት ሮጦ ይደግ ይላሉ። እኛ ብረት ልናነሳ ስንል ወጥተው ይሄዳሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቆመው አላዩንም።»

«እስቲ እንዴት እንደምታነሱ አሳየኝ።»

የመጥረጊያ እንጨት አንስቶ ትከሻው ላይ አጋደመና ቁጢጥ ብሎ ተነሳ። ቀጥሎ እንጨቱን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«አግዳሚውስ?»

«እሱ ለሆድ ስፖርት ነው።»

ጋሽ ይርጋ፣ የቦክስ ቤቱ መሥራች፣ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አፍንጫቸው በወጣትነታቸው ተሰብሮ ተጨፍልቋል። ይሻውን ከመናኸሪያ ሸክም አንስተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ነግሬያቸው ነበር ልጄ» አሏት። «ሲሚንቶ ተጭኖ የፈጠነ አህያ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጠዋት የት ነበሩ ጋሼ?»

«ቤቴ። ከማን ጋር እሆናለሁ፤ ብቻዬን።»

«ይሻው ብረት ሲያነሳ አይተውት ያውቃሉ?»

«ምኑን አያለሁ? እንደ ማንኛውም ሰው ተንጋሎ ወደ ላይ ይገፋል እንጂ!»

እቴነሽ ራሷን ነቀነቀች። አልጻፈችውም።

የጨርቅ ነጋዴዋ የዘይነብ ልጅ ሬድዋን በስልሳ ሰባት ኪሎ የቤቱ አንደኛ ነው። የእቴነሽን ዓይን ማየት አልቻለም።

«ይሻው ወደ ኪሎህ ሲመጣ ጠላኸው?»

«ኪሎዬን ነው የጠላሁት።»

«ከንፈርህን ምን ነካህ?»

«በር መታኝ።»

«በቀኝ በኩል ነው ያበጠው። ይሻው ግራኝ ነበር አሉኝ። በራችሁም ግራኝ ነው?»

ሬድዋን የቱታውን ኮሌታ አንስቶ ከንፈሩን ሸፈነ።

የሐኪሙ ወረቀት የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። እቴነሽ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና አጥፋ ያዘችው። ማሩን፣ ጋሽ ይርጋን፣ ሬድዋንንና ውዴን ቦክስ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውዴ የወንድሟን ቱታ እንዳቀፈች ናት።

«ይሻው ብረት ሲያነሳ አልሞተም» አለች እቴነሽ። «ይህ ብረት የነካውን ሁሉ ያቀላል፤ የይሻው መዳፍ ግን ንጹሕ ነው። ማሩ ደግሞ ልጆቹን አንጋሎ ብረት አያስነሳቸውም። ይህንንም ብረት የነካ ሁሉ ያውቃል። አግዳሚው ላይ ያስተኛው ሰው ነው ያላወቀው። እንደ ማንኛውም ሰው ተንጋሎ ይገፋል ብሎ ያሰበ ሰው።»

ማሩ ቀስ ብሎ ወደ አሰልጣኙ ዞረ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ…»

«ይቆዩኝ ጋሼ። እጁ ላይ የፋሻ ሰንበር አለ፤ ስለዚህ ሲቧቀስ ነበር። የፈታለት ሰው ፋሻውን አልጣለውም፤ ጠቅልሎ ቦታው መልሶታል። ጠዋት ስጨብጠው በላብ ርሶ ነበር።» ጥንዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሬድዋን፣ እዚህ ቤት ፋሻ የሚጠቀልለው ማን ነው?»

«ጋሽ ይርጋ» አለ ሬድዋን። «ሌላ ሰው ሲነካው ይቆጣሉ።»

«ከንፈርህስ?»

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠሩን። ይሻውን ‹ብረቱ ምን እንዳደረገህ ዛሬ ታያለህ› አሉት። የራስ መከላከያም አላደረግን። እኔ… ላገኘው አልቻልኩም ኢንስፔክተር! እንዲህ ፈጥኖ አይቼው አላውቅም። ሦስት ጊዜ እዚሁ ከንፈሬ ላይ መታኝ። ያኔ ጋሽ ይርጋ ‹ቁም!› ብለው ጮሁ። እሱ ቆመ። እጁን አውርዶ ወደሳቸው ዞረ። የኔን ቡጢ ግን መመለስ አልቻልኩም፤ ወጥቷል። ጭንቅላቱ ሲሚንቶውን ሲመታ ሰማሁት። ‹ሂድ፣ እኔ አለሁ፣ ይነሳል› አሉኝ። ሄድኩ።»

«ለምን ቁም አሉት?» አለች ውዴ። ከጠዋት ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ጋሽ ይርጋ መሬት መሬቱን አዩ። «እየተሸነፍኩ ነበር» አሉ።

ቀና ሳይሉም ቀጠሉ።

«ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ የለም። ልጄ ሞተ አልኩ። አንዴ ከሞተ ወዲያ፣ ብረቱ ነው ቢባል ሌሎቹ ልጆች እንኳ ይተዉታል ብዬ…»

«እኔስ ጋሼ?» አለ ማሩ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ከእሱ አዞሩ።

እቴነሽ ወረቀቱን ዘረጋች። አንድ አፍታ ከንፈሯ በጸሎት ተንቀሳቀሰ። ይህን ሳትናገር ብትቀር ትወድ ነበር፤ ግን ውዴ ታያታለች።

«ሬሳ አይበልዝም ጋሼ። ብረቱ ያረፈበት አንገቱ በልዟል፤ ውስጥ ድረስ ደም ቋጥሯል። ሐኪሙ ደግሞ ደጋግሞ አይቶታል። ብረቱን ሲጭኑበት ይሻው በሕይወት ነበር።»

 የጋሽ ይርጋ እጅ ሄዶ ፋሻውን ከጠረጴዛው አነሳ፤ ጫፉን ፈቶ፣ አለስልሶ፣ እንደ ዘወትር ልማዱ መልሶ መጠቅለል ጀመረ።

ውዴ ተነስታ ከእጃቸው ወሰደችው።

«ውስጡ ገና እርጥብ ነው» አለች፤ ጉንጯ ላይም ለጠፈችው። «ላቡ ነው። እንዳይደርቅብኝ።»

እቴነሽ ፋሻው ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንደሚፈለግ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው፤ ጋሽ ይርጋን ለፖሊሶቹ አስረክባ ሌሎቹንም አስወጣች፤ በሩን ገርበብ አድርጋም፣ ፋሻው እስኪደርቅ ደጅ ቆመች።