አራተኛውን ጥራዝ ያነበበ

ጋሽ ወልደጻድቅ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳቸው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከእግራቸው ሥር የተባይ መርዝ ጠርሙስ ወድቋል፤ ጠረጴዛው ላይ የብርዝ አተላ የቀረበት ብርጭቆ አለ። ለሚዛን ከተማ ሰው ይኸው በቂ ነበር። ጡረታ የወጣ ቀያሽ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚያመሽ፤ በቃ ራሱን አጠፋ ተባለ። ወሬ በእኛ ከተማ ከባጃጅ ይቀድማል። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

ቄስ ሳህሉ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት አንገታቸውን ደፍተው፣ «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለውም። ሥርዓቱ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጸጥታ ይቀበር» አሉ። የእድሩ ሽማግሌዎችም ነገሩ ቶሎ ተድበስብሶ እንዲያልፍ ፈልገው ኖሮ፣ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ።

የሟች አንድያ ልጅ ለተብርሃን ግን አልነቀነቀችም። ቴፒ የምታስተምር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት።

«አባቴ ያለ ፍትሐት አፈር አይለብስም» አለች። «አስከሬኑን ከሆስፒታል ስታመጡ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቀምጡት። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

«ልጄ፣ እስከ መቼ?»

«እስኪፈታ ድረስ።»

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ማሚት ነበረች። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ጎረቤት የምትላላክ ልጅ ትመስለዋለች፤ እሷ ደግሞ ሰው እንዲያ እንዲመስለው ትወዳለች። ለተብርሃንን ወደ በረንዳው ጠራቻትና ከባዶው ወንበር አጠገብ ቆሙ።

«ራሳቸውን እንዳላጠፉ በምን እርግጠኛ ሆንሽ?»

«አባቴ በእጁ የገባ አዲስ መጽሐፍ ሳያነብ አይሞትም።»

አንዱ ፖሊስ ፈገግ አለ። ማሚት አልሳቀችም። «እስቲ አስረጂኝ» አለች።

ለተብርሃን አስረዳቻት። ሚዛን ውስጥ አዲስ ልቦለድ ሲገኝ የሚገኘው አንድ ቅጂ ነው፤ አንባቢዎቹ ግን አራት ናቸው፤ አራቱም ትዕግሥት የላቸውም። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ አስካለች መጽሐፉን ከጀርባው ፈትታ አራት ጥራዝ ታደርገዋለች፤ እያንዳንዱን ካርቶን አልብሳ በወፍራም ክር ትሰፋዋለች፤ አፉን ደግሞ በክር ታስረዋለች። መጀመሪያ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ቀጥሎ ባለ ቡና እርሻው ዓለምሰገድ፣ ከዚያ ባለሱቁ ሀይደር፣ በመጨረሻ አስካለች ራሷ፤ ጥራዙ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ዕለቱን ተሰብስበው ያነበቡትን ይጫወታሉ። ከፊት ያለው ከኋላ ላለው የሚመጣውን አይነግርም። ግን አንድ ነገር የመናገር ግዴታ አለበት፤ ያነበብኩትን እገሌ ያንብበው፣ እገሌ ይቅርበት ብሎ መምከር።

«አሁን ሦስተኛው ጥራዝ ጋሽ ዓለምሰገድ ጋ፣ ሁለተኛው ሀይደር ጋ፣ የመጀመሪያው አስካለች ጋ ነው» አለች ለተብርሃን። «አራተኛው ከእኛ ቤት አልወጣም። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ቀምቼው ቴፒ ይዤው ሄጄ ነበር። አባቴ በየቀኑ እየደወለ ሲሰድበኝ ከረመ። ትናንት አመሻሽ ላይ አንብቤ፣ መልሼ አስሬ ስሰጠው እንደ ልጅ ነው የተደሰተው። አክስቴ ስለታመመች እዚሁ ጎረቤት ከተማ አማን ሄጄ አደርኩ። ጠዋት ስመለስ... ይኸው።»

«ያነበብሽውን ለማንም አልነገርሽም?»

«ማኅበሩን አያውቁትም መሰለኝ። ፍጻሜ ያወጣ ሰው ዳግመኛ መጽሐፍ አይሰጠውም።»

ማሚት ጠረጴዛውን ተመለከተች። አራተኛው ጥራዝ ከብርጭቆው ወዲያ ማዶ፣ ክሩ ተፈትቶ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተገልጦ ተደፍቷል። ከጋሽ ወልደጻድቅ ወንበር ሌላ አንድ ወንበር ወደ መብራቱ ተጠግቶ ቆሟል። ጥራዙን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጠላት ነበራቸው?»

«ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነበር። የሸኮ ብሔረሰብ ሰዎች የንብ ቀፎ የሚሰቅሉበትን ጫካ ባየ የሚባል ሰው ለቡና እርሻዬ ብሎ አጥሮታል። ድንበሩን ድሮ የቀየሰው አባቴ ነው። ዝም በል ሲሉት እንቢ አለ።»

«ባየ ማነው?»

«የጋሽ ዓለምሰገድ ታናሽ ወንድም።»

ማሚት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ስትጨርስ ወደ ገበያው ነዳች።

ሀይደር ሱቁን ግማሽ ዘግቶ፣ በባንኮኒው ተደግፎ ቆሟል። የማይሸጠው ነገር የለም፤ ሳሙና፣ ምስማር፣ ኮረሪማ፣ የተባይ መርዝ።

«ይኸ ጠርሙስ ከዚህ ነው የተሸጠው?» አለችው።

«ከዚህ ካልሆነ ከየት ይሆናል? ቡና ያለው ሁሉ የሚገዛው ከእኔ ነው። ጋሽ ወልዴ ግን አንድ እግር ቡና የላቸው፤ ምን ሊያደርጉበት?» መሳቢያውን ከፍቶ መነጽር አወጣ። «ይኸውልዎ። ሐሙስ እጀታው ተሰብሮባቸው እኔ ላሠራላቸው ወሰድኩት። ዛሬ ላደርስላቸው ነበር። ‹አራተኛው ሊመጣልኝ ነው፣ አደራ› ብለውኝ ነበር።»

«ሌላ መነጽር አላቸው?»

«ኧረ የላቸውም። ያለ እሱ የሱቄን ማስታወቂያ እንኳ አያነቡም።»

«መጽሐፉስ፣ ወደድከው?»

«የታሪኩ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ መምህሩን ሲያሳብድ ላይ ነኝ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም ነበር፤ ዛሬ ነው የተውኩት።»

አስካለችን ከሱቁ ፊት ለፊት ሲንጀሯ ላይ አቀርቅራ አገኘቻት። ጥቁር ልብስ እየሰፋች ነው። ወንድ ልጇን ጋጨብ ወንዝ ከወሰደባት ሁለት ክረምት አልፏል፤ ይህን ሚዛን ውስጥ የማያውቅ የለም።

«እኔ ገና የመጀመሪያው ላይ ነኝ» አለች። «ልጁ እንዴት ያለ ቀበጥ መሰለሽ! ቁርጥ የእኔን ልጅ።»

«አይከብድሽም ታዲያ?»

«ይከብደኛል እንጂ። ስለሚከብደኝ ነው የማነበው። ሰው ሁሉ ስለ ልጅ ማውራት ሲተውልኝ ጋሽ ወልደጻድቅ ብቻ ናቸው ያልተዉልኝ። እሳቸው ናቸው ራሳቸውን የሚያጠፉ? ወግድ!»

ዓለምሰገድን ለቅሶ ቤት አገኘችው። ድንኳኑን ያስተከለውም፣ ሣጥኑን ያሠራውም እሱ ነው። ጥቁር ኮት ለብሶ ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ ወንበር ያቀርባል።

«ሰው ስለ ወንድሜ የሚለውን አውቃለሁ» አላት ሳትጠይቀው። «ግን ‹እውነቱን ይናገሩ፣ ወንድሜም ቢሆን› ያልኳቸው እኔ ነኝ። ማታ ቴፒ ነበርኩ፤ ጠዋት ነው የደረስኩት።»

«መጽሐፉ ከየት ነው የመጣው?»

«ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። እንደመጣ አስካለች ቆራረጠችው፤ ገልጬ እንኳ አላየሁትም። አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ።»

«ጥሩ ነው?»

ፊቱ በራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዘኑን የረሳ መሰለ። «እንዴታ! እርስዎም ያንብቡት። ሥራ የሚበዛበት ሰው እንዲህ ያለውን ነው ማንበብ ያለበት።» ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ላስቸግርዎ። አራተኛው ጥራዝ እርስዎ ጋ ከሆነ ለአስካለች እንዳይደርሳት። ለእሷ አይሆንም። ሌላ መጽሐፍ እኔ እፈልግላታለሁ።»

«አሳቢ ነዎት» አለች ማሚት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ ተሰናብታው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሣጥኑ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ለተብርሃን ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሽማግሌዎቹ ዝናቡንም ልጅቷንም እየተቆጡ ይንጎራደዳሉ። ቄስ ሳህሉ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ማሚት መጣችና ሦስቱን አንባቢዎች ወደ ሣጥኑ እንዲቀርቡ አደረገች።

«ማኅበራችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባል አሉኝ» አለች። «ዛሬም ቅዳሜ ነው። አባታችን፣ እርስዎም ይስሙልኝ።»

ሕዝቡ ተጠጋ።

«ጋሽ ወልደጻድቅ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጥራዝ ሲጠብቁ ሰነበቱ። ትናንት አመሻሽ ላይ በክር እንደታሰረ ደረሳቸው። ዛሬ ጠዋት ክሩ ተፈትቶ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። አንብበው ጨርሰው ሞቱ እንዳንል፣ መነጽራቸው የት ነበር?»

«እኔ ጋ» አለ ሀይደር። «ከሐሙስ ጀምሮ።»

«ስለዚህ እሳቸው አላነበቡትም። ሌላ ሰው ግን አንብቦታል፤ ወንበር ወደ መብራቱ ስቦ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ። ያ ሰው ብርዙ ውስጥ መርዝ ጨምሮ ሰጥቷቸው እስኪሞቱ ድረስ ይጠብቅ ነበር። አንባቢ ደግሞ ፊቱ መጽሐፍ ተቀምጦ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። እንግዲህ ልጠይቃችሁ። አራተኛውን ጥራዝ ያየ አለ?»

«ወላሂ፣ በዓይኔ አላየሁትም» አለ ሀይደር።

«የመጀመሪያውን አልጨረስኩም እኮ» አለች አስካለች።

«እኔ ሦስተኛውን እንኳ አልጨረስኩም» አለ ዓለምሰገድ። «መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው።»

«ታዲያ አቶ ዓለምሰገድ፣ አራተኛው ለአስካለች አይሆንም ያሉኝ ለምንድን ነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰውዬው በእጁ ወደ አስካለች አመለከተ። «ልጅ... ልጅ ስላለበት ነው። ኀዘኗን አውቃለሁ።»

«ልጅማ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አለበት። አስካለች ትስቅበታለች፤ ሀይደር ይስቅበታል። ሦስቱን ጥራዝ ታንብብ ብለው ተዉዋት፤ አራተኛውን ብቻ ከለከሏት። እኔ አንብቤዋለሁ። ልጁን ውሃ የሚወስደው እዚያ ነው፤ መጨረሻው ላይ።»

አስካለች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለተብርሃን ነግራኝ ነው» አለ ዓለምሰገድ።

«እርስዎን ከሳምንት በኋላ ያየሁዎት ዛሬ ነው» አለች ለተብርሃን ካለችበት ሳትነሣ። «ስልኬም ይኸው፤ ይታይ።»

«ጋሽ ወልደጻድቅም ሊነግሩዎት አይችሉም፤ አላነበቡትም» አለች ማሚት። «ከጠዋት ጀምሮ ጥራዙ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። የቀረችው ትናንት ማታ ብቻ ናት። ቴፒ ነበርኩ ብለውኛል። ያደሩበትን ቤት ይንገሩኝና አሁኑኑ ልደውል።»

ዓለምሰገድ ስም አልጠራም። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

«እዚያ ተቀምጠህ አነበብከው?» አለችው አስካለች፤ አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል።

ለፖሊሷ ሳይሆን ለአስካለች መለሰ። «ወንድሜ ሊታሰር ነበር። ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉ። ከዚያ... ትቻቸው ብሄድ ሰው ይጠራሉ ብዬ ፈራሁ። መጽሐፉ እዚያ ነበር። ሳነበው አንቺን አሰብኩ። እግዜር ያውቃል፣ ለአንቺ አዘንኩ።»

«ለእኔ አዘንክ!» አስካለች ጮኸች። «አጠገብህ እያጣጣረ ላለው ሰው ሳታዝን ለእኔ አዘንክ! የምፈራውን ጋጨብ ዳር ጨርሻለሁ። የማነበውን ደግሞ አንተ አትመርጥልኝም።» ወደ ማሚት ዞራ እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ።»

«ማስረጃ ነው፣ እህቴ። ፍርዱ ሲያልቅ በእጄ አመጣልሻለሁ።»

«እጠብቃለሁ። መጠበቅ ለምደናል።»

እኔ ብዙ ክፉ ሰው አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ሰው ገድሎ ያደረ፣ በማግሥቱ ደግሞ ለሌላ ሰው ሊራራ የሞከረ። የራራው ከልቡ ነበር፤ የተያዘውም በዚያው ነው።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ፊቱን መልሶ፣ «ቢሆንም ሰኞ ምስክር የላችሁም» አለ።

«አለን» አለች ለተብርሃን። «አባቴ ያን ጫካ ሲለካ የገመዱን ጫፍ ይዤ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ድንበሩ የት እንደሆነ እግሬ ያውቀዋል። ሰኞ እቆማለሁ፤ ለወንድምህም ንገረው።»

ቄስ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እንግዲህ፣ ሣጥኑን አስገቡ። ፍትሐቱ ይጀመር።»

ሀይደርና ሌሎች ሦስት ሰዎች ጎንበስ አሉ። ለተብርሃን ክንዷን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች።

«አይነሣም።»

«ልጄ፣ ተፈቀደ እኮ!»

«አባታችን፣ ጠዋት ‹ራሱን ያጠፋ› ያሉት ሕዝብ ፊት ነው። አሁንም ሕዝብ ፊት ይናገሩ።»

«አንቺ ልጅ፣ ካህን እንዲህ ይታዘዛል?» ብሎ አንዱ ሽማግሌ ጮኸባት። ዝናቡ ነጠላዋን አበስብሶ ከፀጉሯ ላይ ሲያጣብቀው ዓይኗን ከቄሱ ላይ አላነሣችም።

ቄስ ሳህሉ ጥላ የያዘላቸውን ዲያቆን በእጃቸው ገፋ አድርገው ወደ ዝናቡ ወጡ። ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ወልደጻድቅ ራሱን አላጠፋም» አሉ፤ ከኋላ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እውነት ሊመሰክር ሲል ተገደለ። እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ ፈረድኩበት።» ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን የሣጥኑ ክዳን ላይ አኖሩ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ለተብርሃን ክንዷን አነሣች። ሣጥኑ በሩን አልፎ ሲገባ ተከትላ ተነሣች፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ የነበረው ዓይኗ ያን ጊዜ ነው እንባ ያገኘው።