የደሳለው ፒክአፕ ለምን ተንቀጠቀጠ

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የርብ ወንዝ የፎገራን ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ሊያደርግ ጥቂት ሲቀረው፣ ከወረታ ወደ ጎንደር የተነሳው ሾፌር ደሳለው ከይፋግ ወዲህ ባለ የሩዝ ማሳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፒክአፑ ጣሪያውን ለውሃ፣ እግሮቹን ለሰማይ ሰጥቶ ተገልብጧል። ከእግሮቹ አንዱ የለም፤ የኋላው ግራ ጎማ ወልቆ ሁለት ማሳ አቋርጦ ሦስተኛው ውስጥ ተጋድሟል። ወሬው ወረታ ሲደርስ ግን ጎማው ጣናን ተሻግሮ ጎርጎራ ገብቷል ተባለ።

ያን ዕለት ማታ መካኒኩ አብዱልባሲጥ ታሰረ። ጠዋት የመኪናውን ጎማ ፈቶ ያሰረው እሱ ነው፤ ጎማ ወልቆ ሰው ሞቷል። ለፖሊስ አዛዡ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ደብረ ታቦር ወህኒ ሊልከው ወሰነ። ቢፈታ ደግሞ የሟች ወንድም አምባው ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ተቀምጧል። «ወይ መንግሥት ይቅጣው፣ ወይ እኔ ደሜን እመልሳለሁ» ብሏል፤ አምባው ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ምርመራው ለሳጅን ሀይለየሱስ ተሰጠ። ሳጅን ሀይለየሱስ በግ የሰረቀን ሰው አረማመዱን አይቶ በጉ ወንድ ይሁን ሴት የሚናገር መርማሪ ነው። ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን ያለ ሌባ ስሙን ሲሰማ ሙያ ይቀይራል። ከዝናው ግማሹን ብንቀንስ እንኳ የሚተርፈው ለሦስት መርማሪ ይበቃል።

መጀመሪያ የገባው እስረኛው ዘንድ ነበር።

«ሳጅን፣» አለ አብዱልባሲጥ ከግድግዳው ሳይላቀቅ፣ «እዚህ ብቀር እበሰብሳለሁ፣ ብወጣ እገደላለሁ። የትኛው ይሻለኛል ትላለህ?»

«ሦስተኛውን እየፈለግሁ ነው። መኪናው ምን ሆኖ መጣ?»

«ይንቀጠቀጣል። ደሳለው ‹መሪው እጄን ሊነቅለው ነው› አለኝ። ወንበሩስ አልኩት፤ ወንበሩ ሰላም ነው አለ። መሪ ሲንቀጠቀጥ ሕመሙ ከፊት ጎማ ነው፣ ወንበር ሲንቀጠቀጥ ከኋላ። ስለዚህ የፊቶቹን ብቻ ፈታሁ። ጎማው የተገጠመበት ቸርኬ ውስጥ ይሄ ጥቁር ጭቃችን እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። በአንድ ወገን ስለከበደ ጎማው ይነጥራል። ፍቄ አወጣሁለት፣ አስሬ ነዳሁት፤ ጸጥ አለ።»

«አጠገባችሁ ማን ነበር?»

«የመኪናው ባለቤት ማረው። ‹ለጭቃ ነው እንዴ ይህን ያህል የፈራነው?› ብሎ ሳቀብን።»

«የኋላ ጎማ አልነካህም?»

«ወላሂ አልነካሁም። ባልታመመ ጥርስ ላይ ጉጠት ምን ይሠራል?»

ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሩዝ ነጋዴዋ ወይዘሮ ወለላ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ከአደጋው በሕይወት የወጡ ብቸኛዋ ተሳፋሪ ናቸው። ክንዳቸው ተሰብሮ ታስሯል፤ አንደበታቸው ግን ጭረት አላገኘውም።

«ከወረታ እስከ ውሃው ድረስ አልጋዬ ላይ የተኛሁ ያህል ነበር» አሉ። «ከዚያ አስፋልቱን ውሃ ዘጋው፤ በማሳ ስንዞር ጭቃው ጎማውን ሁሉ ዋጠው። እንደ ምንም ወጥተን ውሃው እስኪጎድል ጉብታው ላይ ቆምን። ፊታችንም ኋላችንም ውሃ፣ ከላይ ፀሐይ። እኔና ደሳለው እዚያው እናኑ ሻይ ቤት ልንጠጣ ገባን። አብሮን የተሳፈረው ማረው ‹እናንተ ሂዱ፣ ጭቃውን ልፋቅላችሁ› ብሎ ቀረ። ስንመለስ ጉዳይ አለኝ ብሎ በታንኳ ወደ ወረታ ዞረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሃው ጎድሎ አስፋልቱን ይዘን ስንፈጥን ከሥሬ ወፍጮ የተተከለ መሰለኝ። ደሳለው መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቆሎ ይቆረጥማል። አቁም እንጂ አንተ ሰው ስለው፣ ‹እትዬ ወለላ፣ ጭቃ ነው፤ ጠዋት አብዱልባሲጥ አሳይቶኛል፤ ሲሮጥ ይረግፋል› አለኝ። እኛ ረገፍን።»

«ደሳለው ጎንደር ምን ሊሠራ ነበር የሚሄደው?»

«ሻይ ስንጠጣ ነግሮኛል። አምና ማክሰኝት ላይ ሰው የገጨው ማረው ነው፤ ደሳለው መሪውን ይዤ ነበር ብሎ ተሸከመለት። የጎንደሩ ፍርድ ሲቃረብ ግን ችሎት ፊት እውነቱን ልናገር ነው አለኝ። ለማረውም ነግሮታል።»

ማረውን ያገኘው ከሱቁ በረንዳ ነው። ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሶ በሐዘን ተቀምጧል።

«ከወረታ ስንወጣ ጀምሮ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። «የደሳለው እጅ ሲርገፈገፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ መካኒክ ጨረሰው። እኔም ፈርቼ ነው የወረድኩት።»

በማግስቱ ሳጅኑ ሁሉንም ከተገለበጠው መኪና አጠገብ ሰበሰባቸው፤ አዛዡን፣ ወይዘሮ ወለላን፣ ማረውን፣ በካቴና ያለውን አብዱልባሲጥን፣ ክላሹን ያነገበውን አምባውን። የቆሙበት መሬት ከአንድ አውድማ አይሰፋም፤ ዙሪያው ውሃ ነው። ዝናቡ ጉና ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ብቻ ነው የወረደው፤ ሜዳው ላይ ከአደጋው ወዲህ ጠብታ አልወረደም።

«የፊቶቹን ጎማዎች እዩ» አለ ሳጅኑ። «መካኒኩ የፈታቸው እነዚህን ነው። ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች በደረቀ ጭቃ ታሽገዋል።» ጭቃውን በጩቤ ፍቆ መፍቻ አስገባና ሁለት ፖሊሶች እንዲፈቱት አዘዘ። ተንጠለጠሉበት፤ ንቅንቅ አላለም። «የኋላውን ቀኝ ደግሞ እዩ። ዳዶዎቹ ንጹሕ ናቸው።» አንዱን በሁለት ጣቱ ፈትቶ መዳፉ ላይ አኖረው። «የወለቀው ጎማም እንዲሁ ላልቶ ነበር።»

«ጠዋት ራሱ አላልቷቸው ቢሆንስ?» አለ አዛዡ።

«ጠዋት ቢሆን ኖሮ ጭቃው ከላያቸው ላይ ይደርቅ ነበር። መፍቻው ግን ጭቃውን ቀርፎ ነው የገባው። ይህ የተሠራው ከማሳው ከወጡ በኋላ፣ ጉብታው ላይ ነው።» ወደ ማረው ዞረ። «ጭቃ ፍቀሃል?»

ማረው ወደ ኋላው አየ፤ ውሃ ነው። ወደ ጎኑ አየ፤ ወይዘሮ ወለላ አፈጠጡበት።

«ፍቄያለሁ… ከሁሉም ጎማ።»

«የፊቶቹ እንደታሸጉ ናቸው። ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር ብለሃል። ላልቶ የነበረው የኋላው ነው፤ የተንቀጠቀጠውም የወይዘሮ ወለላ ወንበር ነው። መሪውን የጠራኸው ጋራዡ ውስጥ ስለ መሪ ሲወራ ስለሰማህ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ ደሳለው መንቀጥቀጡን ጭቃ ነው ብሎ እንደማይቆም ታውቅ ነበር። የጋራዡን የጭቃ ወሬ አንተና አብዱልባሲጥ ብቻ ሰምታችኋል፤ ጉብታው ላይ የነበርከው ግን አንተ ብቻ ነህ። ጎንደር ደርሶ እንዳይናገርብህ አደረግህ።»

አምባው ክላሹን ሲያቀባብል ተሰማ። ማረው የሚሮጥበት አልነበረውም። ተንበርክኮ ሁለት እጁን ለሳጅኑ ዘረጋ።

«እሰሩኝ» አለ። «እኔ ነኝ፤ ፈጥናችሁ እሰሩኝ።»

ሳጅኑ በአፈሙዙና በማረው መካከል ቆሞ ካቴናውን ከአብዱልባሲጥ እጅ ፈታ፣ በማረው እጅ አሰረው። አምባው ካቴናው ሲቆለፍ አይቶ ክላሹን ወደ ትከሻው መለሰ።

አብዱልባሲጥ ተፈትቶም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ዘመዶችህ መንገድ ላይ አድፍጠው ይጠብቁኛል» አለ መሬቱን እያየ። «እነሱ ይህን አልሰሙም።»

«ለዚህ ነው አብሬህ የምሄደው» አለ አምባው። «ቅደም።»

ወረታ ሲገቡ ገበያው ቀጥ አለ፤ ባጃጆች ሳይቀሩ ሞተር አጠፉ። መካኒኩ ከፊት፣ ባለ ክላሹ ከኋላ፣ ሰው ሁሉ ተኩስ እየጠበቀ። የአብዱልባሲጥ ሚስት ሪሃና በሩን ስትከፍት ያየችው ከባሏ ትከሻ በላይ የቆመውን አፈሙዝ ነበር።

አምባው ክላሹን ከበሩ ውጭ አጋድሞ ጎንበስ አለ።

«በይ ተረከቢኝ» አላት። «ምንም አላጎደልኩበትም።»