ያልተፈቀደው ጣሪያ

ተዋናዩ በተዘጋው የዱቄት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ በደረቱ ተደፍቷል። ከበላዩ የጣሪያው ጠርዝ ተገምሷል። መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አየች። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

የፊልሙ ዳይሬክተር ላቡን ይጠርጋል። «የቀረጻ ፈቃዳችን ለግቢው ብቻ ነው። ጣሪያው ስላረጀ ተከልክለናል። ጠዋት ከአጥሩ ሲዘል ቀረጽነው፤ ምሳ ላይ ሳለን ግን ብቻውን ሊለማመድ ወጣ መሰለኝ። ደፋር ነበር።»

«ከአጥሩ ሲዘል ገመድ ነበረው?»

«አዎ፣ ከሸሚዙ ስር የታጠቀው ቀበቶ ላይ፣ በጀርባው በኩል።»

ካሜራማኑም ምሳ ላይ ነበርኩ አለ። ልብስ አዘጋጇ፣ የዳይሬክተሩ ታናሽ እህት፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እዚህ ማነው የሚያዝሽ?»

«ሁሉም አዛዥ ነው። እኔ ግን ወንድሜ ካላለኝ መርፌ አልነካም።»

መርማሪዋ ጣሪያው ላይ ወጥታ ወረደች። ከዚያ ሁሉንም በፋብሪካው ሚዛን ቤት ሰበሰበቻቸው። የሟች አባትም ደርሰው ነበር።

«ልጄን ደፋር ነበር ይሉታል» አሉ ሽማግሌው። «መሰላል እንኳ ሲወጣ የሚይዝለት ሰው ይፈልግ ነበር።»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ። ብቻውን አልወጣም። ሸሚዙ ጀርባ ላይ ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተሰፍቶ ተዘግቷል። ክሩ ሸሚዙን አልፎ ከስር ያለውን ቀበቶ ይዞታል። ስለዚህ የተሰፋው ለብሶት ሳለ ነው፤ ሰው ደግሞ የገዛ ጀርባውን አይሰፋም። ገመዱ ተፈትቶ ቀዳዳው የተደፈነው ከኋላ ሊቀረጽ ስለነበር ነው። ጣሪያው ላይ፣ ከተገመሰው ጠርዝ ወደ ኋላ፣ የካሜራ መቆሚያ እግሮች አቧራው ላይ ታትመዋል።»

ካሜራማኑ አንገቱን ደፋ። «ገመዱ ምስሉ ውስጥ ይገባል ያልኩት እኔ ነኝ። ይፈታ ግን አላልኩም።»

«አምንሃለሁ። የሰፋችው እጅ የምትሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዳይሬክተሩ ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። «ለአንድ አፍታ ነበር። ተዋናዩም ተስማምቷል።»

«ጣሪያው እንደተከለከለ ነግረኸዋል?»

የመለሰችው እህቱ ናት፤ የምታየው ግን ሽማግሌውን ነበር።

«ስሰፋለት ጠይቆኝ ነበር፣ አባባ። ‹እዚህ ላይ መሥራት ተፈቅዷል አይደል?› አለኝ። እንዳልተፈቀደ እያወቅሁ አዎ አልኩት። ‹እንግዲያው እሺ› አለና፣ ክሩን እስክቆርጥ ድረስ ሳይነቃነቅ ቆመልኝ።»