ከብስኩቱ በቀር

«ስብሰባችን ግሩም ነው! እንከን አይወጣለትም!» አሉ ኤምሪስ፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው።

ኔሪስ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች። አያቷ ከመኪና ማቆሚያው እስከዚህ ክፍል በር ድረስ «ለስም ነው የሚሰበስቡን፣ ማን ሊሰማን!» እያሉ ሲነጫነጩ ነበር የመጡት። ምን ይደረግ፣ የዌልስ ሸለቆ ሰው እንዲህ ነው። እንግዳ ፊት ማር፣ እንግዳው ሲወጣ ሬት።

እንግዳዋ ዶክተር ሩዌና ናቸው። ማኅበራዊ ሠራተኞችን የሚያሠለጥነው ኮሌጅ እንክብካቤ የሚደረግላቸውን ሰዎችና ተንከባካቢ ቤተሰቦቻቸውን ሐሙስ ሐሙስ እየሰበሰበ ስለ ሥልጠናው ሐሳባቸውን ይጠይቃል። ዶክተሯ የመጡት ይህ መሰብሰብ የፈየደው ነገር እንዳለ ሊገመግሙ ነው። አያቷን ኤምሪስን የምታለብሳቸውም የምታበላቸውም የአሥራ አራት ዓመቷ ኔሪስ ስለሆነች፣ እሷም ከትምህርት ቤት መልስ ትገኛለች።

«እናንተ በሰጣችሁት ሐሳብ ምን ተለወጠ?» ብለው ጠየቁ ዶክተሯ።

«ኧረ ስንቱ!» አሉ የኤምሪስ ጎረቤት ሚሲስ ፕሮበርት።

«ለምሳሌ?»

ሁሉም ሻዩን ማማሰል ጀመረ።

«ብስኩቱ» አለች ኔሪስ፣ ሳታስበው አምልጧት። «ድሮ ደረቅ ነበር። ቸኮሌት ያለው ይሁን አልን፣ ሆነ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሚሲስ ፕሮበርትን ሻይ ትን አላቸው። ዶክተሯም እንባቸውን እየጠረጉ «ከብስኩቱ በቀርስ?» አሉ።

ኔሪስ ክው አለች። ከብስኩቱ በቀር ምንም አልተለወጠም። ግን ይህን ብትናገርና «እንግዲያው ይዘጋ» ቢባልስ? አያቷ ከቤት የሚወጡት ሐሙስ ብቻ ነው። ለዚያች ቀን ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ያፏጫሉ። ያንን ፉጨት ማጣት አስፈራት።

ጎንበስ ብላ «አያቴ፣ ቢዘጉትስ?» አለች በጆሯቸው።

«ቤት ቁጭ ብለን እንጨቃጨቃለና! አንቺን እንደሆነ ማን ይችልሻል» አሉ ኤምሪስ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው እየሳቀ። «ለይስሙላ ተጎልቼ ከምውል እሱ ይሻለኛል። በይ፣ አንዴ ጀምረሽዋል።»

ኔሪስ ደስ አላት፤ ፍርሃቷም ቀለል አለ። ወንበሯን ወደ ዶክተሯ ጠጋ አደረገች።

«የኮሌጁ መምህራን አዲስ ተማሪዎች ሲመርጡ፣ አመልካቾቹን አብራችሁን ጠይቁ ይሉናል» አለች። «እኛ ጠይቀን ሳንጨርስ ግን እነሱ መርጠው ጨርሰዋል።»