በበረዶ ውስጥ ያለው ኑግ

ቂርቆስ ፔርሙዙን ተቀብሎ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው።

ያስረከበችው ኬኔ እጁን በዓይኗ ተከተለች። የነቀምቴ መናኸሪያ በረዳቶች ጩኸት ደምቋል። ደላላው ቂርቆስ ፔርሙዙን በቆመ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ትቶ ኪሱን እየዳበሰ ሲጋራ ይፈልጋል። ፔርሙዙ የኑግ ፅንስ እንደያዘ ተነግሮታል፤ በረዶው ከቀለጠ ፅንሱ ይሞታል። ለዚህ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እንዲህ አይዘናጋም።

ማታለያ መሆኑን ካላወቀ በቀር።

ያ ኑግ ተራ ኑግ ነበር። ይህን የሚያውቁት ግን እሷና አለቃዋ ኢስማኢል ብቻ ናቸው። በምስጢር ስሙ «ወፍጮ»። ርክክቡ እንዳለቀ ደላላውን ሊይዝ ከሰዎቹ ጋር እዚያው አድፍጦ መጠበቅ ነበረበት። ዞር ብላ ቃኘች።

ማንም የለም።

«ዕቃው ይሞቃል» አለችው።

«ለእኔ ተይው፣ እህቴ።»

ባጃጅ ይዛ እውነተኛው ፅንስ ወዳለበት ወደ ጉቴ ከነፈች። ስልኳን ደጋግማ ሞከረች። ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

ኬኔ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የደኅንነት መሥሪያ ቤቷ ጉቴ አጠገብ ባለች ትንሽ የኑግ ምርምር ጣቢያ የላቦራቶሪ ረዳት አድርጎ ያስገባት ምርምሩን ለውጭ ሰዎች የሚሸጠው ማን እንደሆነ እንድታጣራ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ዋቅወያ ዕድሜያቸውን በኑግ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። የኑግ ፅንስ በፍሬው ውስጥ ሲያድግ፣ ለቡቃያነቱ የሚሆነውን ፕሮቲን እንደ ስንቅ ያጠራቅማል። እሳቸው አንገር ጉቲን ከአንድ ማሳ ዳር ያገኙት ኑግ ደግሞ የሌላውን እጥፍ ያጠራቅም ነበር። ችግሩ ፍሬው ሳይበስል መጨንገፉ ነው። ስለዚህ ፅንሱን ገና ለጋ ሳለ አውጥተው በብልቃጥ ያሳድጉታል። ዘንድሮ እናት ተክሎቹን በሽታ ፈጃቸው። የቀረው በበረዶ ሣጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ልጅ አልወለዱም። እሷን «ኢንተላ ኮ» ይሏት ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ኢስማኢል የላቦራቶሪውን ቁልፍ ቅጂ ለጥንቃቄ ብሎ ሲጠይቃት አልተጠራጠረችም። ሰጠችው።

ስትደርስ ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሣጥኑ የለም። ዶክተሩ ወለል ላይ ተጋድመዋል፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ዘርፈሽ በሻሽዋ ሆዳቸውን አስራ ደሙን ለማቆም ትታገላለች። ኢስማኢል ሣጥኑን አልለቅም ቢሉት ወግቷቸው፣ በነጭ ላንድክሩዘር ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ መውጣቱን የነገረቻት እሷ ናት።

ዶክተሩ ዓይናቸውን ገለጡ።

«በሩን አልሰበረም። የከፈተው ባንቺ ቁልፍ ነው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር።

«በእኔ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያመጣት ባጃጅ ተመልሷል። ጣቢያው ያለው አንድ ፒክአፕ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ በነቀምቴ በኩል፣ ኢስማኢል በተቃራኒው። ዘርፈሽ ልታነሣቸው በእግራቸው በኩል ቆማ እንድታግዛት ትጠብቃለች።

ኬኔ ከመንገድ መኪና እንድታስቆም ነገረቻት።

ከዚያ ፒክአፑን አስነስታ ወደ ምሥራቅ ነዳች።

ኬላው ላይ መኪኖች ለፍተሻ ተሰልፈዋል። ላንድክሩዘሩ መሀል ላይ ነው። ሽጉጧን በመስኮቱ አስገብታ አንገቱ ላይ አሳረፈች። ኢስማኢል ዘወር ብሎ አያት፤ ከመፍራት ይልቅ የገረመው ይመስላል።

«ሰውየውን ጥለሽ መጣሽ?»

ሽጉጧን ጫን አደረገችው።

«እኔ እኮ የማውቅሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሆስፒታል ትወስጃቸዋለሽ ብዬ ነው የተማመንኩት።»

መታወቂያዋን ያዩት የኬላው ፖሊሶች ካቴና ሲያስገቡለት ሣጥኑን ከፈተች። በረዶው አልቀለጠም። ፅንሶቹ ነጭ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ፣ በሕይወት ያሉ ነበሩ።

ዶክተር ዋቅወያ ዘርፈሽ ባስቆመችው በቆሎ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ነቀምቴ ሳይደርሱ ሞቱ።

ቂርቆስ በማግስቱ ተያዘ። ፅንሶቹ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተወስደው ኋላ ላይ በብልቃጥ በቀሉ። መሥሪያ ቤቷ አመስግኖ ሌላ ስምና ሌላ ከተማ ሰጣት። ለዶክተሩ ቤተሰብ እውነቱን ልናገር ብላ ለመነች። አልተፈቀደላትም።

በቀብሩ ዕለት የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጉቴ ላይ ለለቀስተኛ መንገድ ለቆ ቆመ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ በመስኮቱ እያዩ እንባቸውን ጠረጉ።

«ቁልፉን ለሌባ የሰጠችው እንደ ልጃቸው የሚያዩዋት ልጅ ናት አሉ። ኬኔ የምትባል። ታውቂያታለሽ?»

ሬሳው በትከሻ ተይዞ በመስኮቱ ሥር አለፈ።

«አላውቃትም» አለች።