በፍግ የተቀበረው ኦርኪድ

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ከዳሞታ ተራራ የወረደው ካፊያ የሶዶን ጣሪያዎች ሁሉ አርሷል።

ሰብሪና በጓደኛዋ በቤዚ ግቢ ያለውን ባልዲ የሸፈነውን ላስቲክ ገለጠችና ወዲያው ፊቷን አዞረች። ሽታው አፍንጫዋን አልፎ ጉሮሮዋ ላይ ተጣበቀ። የበሰበሰ ሽንኩርትና የከብት በረት አንድ ላይ የታሸጉ ይመስል ነበር። በዚያ ላይ ቤዚ ሽቶ ነፍታበታለች።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ተንከባክቤው ነዋ!» አለች ቤዚ፣ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ይዛ። «የጎረቤታችን እንሰት በፍግ አይደል እንዲያ የሚወፍረው? እንዳይበርደው ደግሞ ሸፈንኩት።»

ባልዲው ውስጥ ያለው ኦርኪድ መምህርት ፍሬሕይወት የሚመሩት የሳይንስ ክበብ ንብረት ነው። ንፋስ ዳሞታ ላይ ከጣለው ዛፍ ላይ ያነሣው የክፍላቸው ልጅ ቦልቴ ነበር። አፈር የማያውቅ ተክል ነው፤ ዛፍ ላይ ተጣብቆ፣ ሥሮቹን ለነፋስ ሰጥቶ ይኖራል፤ ብርድና ጉም ይስማማዋል። ቦልቴ ግንድ ላይ በቃጫ አስሮ፣ ጥላ ባለው መስኮት አንጠልጥሎ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ እያርከፈከፈ ለእምቡጥ አብቅቶት ነበር። ሰኞ በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የሚያቀርበውም እሱ ነው። ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ፣ «እኔ እጠብቀዋለሁ» ብላ የወሰደችው ቤዚ ናት።

ሰብሪና ጎንበስ አለች። ሥሮቹ ጠቁረው ልፍስፍስ ብለዋል። ቅጠሉ ሥር ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። እምቡጡን በጣቷ ነካ ስታደርገው ቡናማ ውሃ ሆኖ ፈሰሰ። ጣቷን በሣር ጠረገች።

«ስሚኝማ የኔ ቆንጆ» አለች ቤዚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ቦይ ውስጥ እንጥለዋለን። መምህርት ፍሬሕይወት ሲጠይቁን፣ ድሮም ሲመጣ በሽታ ነበረበት እንላለን። የጫካ ነገር አይደል? አንቺ ብቻ፣ ‹ያን ጊዜ ትል አይቼበት ነበር› በይ። አንቺን ያምኑሻል።»

«ቦልቴስ?»

«ምን ይሆናል? ሌላ ይለቅማላ! የገጠር ልጅ፣ ለሱ ብርቅ ነው እንዴ? አታካብጂ ባክሽ!»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ቤዚ እየሳቀች ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ሰብሪና ወደ ባልዲው ሸሸች።

«ምላጭ አምጪልኝ።»

«ለምኑ?»

«አምጪ አልኩሽ፣ ቤዚ።»

እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ አንጓዋ ፍጉ ውስጥ ከተተች። ለብ ያለ ነበር።

«ኧረ ያስጠላል! በባዶ እጅሽ? ፋራ!» አለች ቤዚ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

ሰብሪና ትንፋሿን ይዛ ነቀለችው። ቧንቧው ሥር አጠበችው፤ የጠቆረውን ሥር ቤዚ ባመጣችላት ምላጭ እየቆረጠች ጣለች። ውሃ የሚያጠራቅምባቸው ወፋፍራም ግንዶቹ በጣቶቿ መሐል እየፈረጡ ዝልግልግ ፈሳሽ ተፉባት። የተረፈውን በደብተር ወረቀት ጠቀለለች።

«ወዴት ነሽ?»

«ኦቶና ሰፈር። ቦልቴ የተከራየበት ቤት። ጠዋት ተመልሷል።»

«ልታሳብቂብኝ ነው?»

«አብረሽኝ ነይ።»

ቤዚ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ቦልቴ በሩን ከፍቶ የሰብሪናን እጅ አየ። «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ኦርኪድህ ነው። ቤዚ ፍግ ውስጥ ቀብራው ነበር» አለችና ወረቀቱን ፈታች።

ከወፋፍራም ግንዶቹ አንዱ ገና ጠንካራና አረንጓዴ ነበር፤ ከሱ ሊያቆጠቁጥ ይችላል።